የስብ አሲድ በውሃ ውስጥ ማኅበር ስለ መግባቱና ተመራማሪን ስለ ማሳሳቱ

ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ስትታጠቡ በመዳፋችሁ ላይ የሚፈጸመውን ነገር ምናልባት አስባችሁት አታውቁ ይሆናል። ሳሙና ማለት ከሞራ ወይም ከዘይት የሚገኘው የስብ አሲድ ከሶዳ ጋር ተዋሕዶ የሚሆነው ጨው ነው። ይህ የስብ አሲድ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሊቃውንትን ብዙ ጊዜ ያሳሳተ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ጠባዩ ጥቂት እንናገራለን።

አንዱን የስብ አሲድ ሞለኪውል ራስና ጅራት እንዳለው ነገር አድርጋችሁ አስቡት። ራሱ ውሃን ይወዳል፤ ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠራው ረጅም ጅራቱ ግን ውሃን ይሸሻል። በሞራ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ፓልሚቲክ አሲድ 16፥ ኦሌይክ አሲድ ደግሞ 18 ካርቦን አላቸው። በውሃ ውስጥ ያሉት ጥቂቶች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይኖራሉ። ቁጥራቸው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ሸሽገው፥ ራሳቸውን ወደ ውጭ መልሰው ማኅበር ይገባሉ። ይህ ማኅበር ሚሴል ይባላል። ጅራቱ በአንድ ካርቦን በረዘመ ቍጥር፥ ለመሰባሰብ የሚበቃው መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ይህን ያስረዱት በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ሊቅ ጄምስ ዊሊያም ማክቤን ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. የሳሙና ውሃ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍበት ልክ ሞለኪውሎቹ ለየብቻቸው ቢሆኑ ኖሮ ከሚጠበቀው ጋር አለመስማማቱን ተመልክተው፥ ተሰባስበዋል አሉ። ነገሩ በጊዜው ለመቀበል የሚያስቸግር ነበር።

አሁን ወደ ኤንዛይም እንለፍ። ኤንዛይም በሰውነት ውስጥ የኬሚስትሪን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ተመራማሪው የስብ አሲዱን በአልኮል አሟሙቶ ኤንዛይሙ ወዳለበት ውሃ ያንጠባጥባል፤ የኤንዛይሙ ሥራ ይቆማል። ተመራማሪውም ደስ ብሎት፥ «ይህ አሲድ የዚህ ኤንዛይም ልጓም ነው» ብሎ ይጽፋል። እውነት ነውን? በመሥሪያ ቤታችን መስኮት ፊት አንድ ባለጉዳይ ማስረጃውን ይዞ ቀርቦ ጸሐፊውን ቢያስቆመው አንድ ነገር ነው፤ ሰባ ሰው ተጋፍቶ መስኮቱን ቢዘጋው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ቀን ሥራ ቆሟል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም።

በ1966 ዓ.ም. ታኬታና ፖጌል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከፓልሚቲክ አሲድ የሚገኘው ፓልሚቲል ኮኤንዛይም ኤ የተባለው ንጥረ ነገር በአያሌ ኤንዛይሞች ላይ የሚያደርገውን መርምረው ጽፈዋል። እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ኤንዛይሞች ሁሉ በአንድ ነገር ሲቆሙ፥ ቁልፍና መዝጊያው ገጠሙ ማለት ያስቸግራል፤ ይልቁንም እንደ ሳሙና ያለ ሥራ መጠርጠር ይገባል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በደማችን ውስጥ ያለው የስብ አሲድ ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ሳይጣበቅ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ማኅበር ገብቶ ያየነውን ይዘን ስለ በሽተኛ ሰውነት ብንፈርድ ምን ያህል እንደምንርቅ አስቡ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ብራያን ሾይኬትና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩትም፥ የመድኃኒት ተስፋ የተጣለባቸው አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ኤንዛይምን ያስቆሙት በዚሁ በመሰባሰብ ነበር። ስንት የድካም ጊዜ በከንቱ አለፈ!

ጠንቃቃ ተመራማሪ ምን ያደርጋል? የስብ አሲዱን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይለካል። የኤንዛይሙ ሥራ እስከ አንድ ልክ ድረስ ደኅና ቆይቶ በድንገት ከወደቀ ማኅበሩን ይጠረጥራል። አልቡሚን ጨምሮም ሥራው እንደ ተመለሰ ያያል። አሲዱ ካልሲየም ሲያገኝ አረፋ አልሰጥ በሚል የጕድጓድ ውሃ ላይ እንደምናየው ዓይነት አተላ ስለሚሆን፥ የቱቦውን መደፍረስ ይመለከታል። ሌላ ማጽጃ መጨመር የሚመክሩ አሉ፤ ነገር ግን ማጽጃው የስብ አሲዱን በራሱ ሚሴል ውስጥ ስለሚሸሽገው፥ ይህ ምክር ለስብ አሲድ አጥጋቢ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ መሰባሰብ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ሳርዳና ዴኑኤል የተባሉ ፈረንሳውያን ስብን የሚፈጨውን የቆሽት ኤንዛይም፥ ማለት ሊፔዝን፥ ሲመረምሩ በውሃ ውስጥ ለየብቻው የሟሟውን የስብ ዘመድ እምብዛም ሳይነካው አገኙት። ንጥረ ነገሩ ከመሟሟት ልክ አልፎ ጠብታ ሲሠራ ግን የኤንዛይሙ ፍጥነት ዘለለ። በአንጀታችን ውስጥም የበላነውን ቅቤ የሚፈጨው በጠብታው ገጽ ላይ ተቀምጦ ነው።