የእጅ አንጓ ስብራት፦ ሽቦ ወይስ ፕሌት?



ሰው አዳልጦት ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይደገፋል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከአንጓው አጠገብ በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ነው። በተለይ የወር አበባቸው የቆመ እናቶች አጥንታቸው ስለሚሳሳ ቀላል አወዳደቅ እንኳ ይሰብራቸዋል። አጥንቱ ወደ ቦታው ተመልሶ በጄሶ ከረጋ መልካም። አስቸጋሪው ከተመለሰ በኋላ እንደገና የሚንሸራተተው ስብራት ነው፤ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን የሚያነሳውም ለዚህ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው፣ አጥንቱ ከውጭ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች በቆዳ በኩል ገብተው ስብራቱን ይይዛሉ፤ በላዩ ጄሶ ይደረግና ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሽቦዎቹ ይነቀላሉ። ሌላው፣ አንጓው በመዳፍ በኩል ተከፍቶ ፕሌት የሚባለው ብረት በብሎን ይታሰራል። ይህ እጅን ቶሎ ለማንቀሳቀስ ይመቻል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጅማት እየነካ ስለሚያስቸግር በሌላ ኦፕራሲዮን ይወጣል። ክፉኛ ለደቀቀ ወይም ቁስል ላለው ስብራት ደግሞ ከክንዱ ውጭ የሚታሰር ብረት አለ።

ብዙ ቤተሰብ ውድ የሆነው ይበልጣል ብሎ ለፕሌት መግዣ ይበደራል። ሆኖም በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 461 ሰዎችን በሽቦና በፕሌት አነጻጽሮ ከዓመት በኋላ በእጃቸው አሠራር ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ እዚያው በ500 ሰዎች ላይ ሽቦና ጄሶ ብቻ ተነጻጽረው በዓመቱ ውጤታቸው ተቀራረበ፤ ቢሆንም ጄሶ ብቻ ከተደረገላቸው ከስምንቱ አንዱ ያህል አጥንቱ ተንሸራቶበት ኦፕራሲዮን አስፈልጎታል።

ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ጥናቶች አጥንታቸው ሳይከፈት የተመለሰላቸውን ሰዎች ነው የሚመለከቱት። ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ከተዛነፈና ከውጭ አልመለስ ካለ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ በፕሌት መጠገን አለበት። ስለዚህ ከመበደርዎ በፊት ሐኪምዎን «አጥንቱ ሳይከፈት ይመለሳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሽቦ ከገባልዎ ውሃ አያስነኩት፤ በማሰሪያው ላይ ለውዱእ ስለማበስ የመስጂድዎን ኡስታዝ ያማክሩ። ጣቶችዎን በየቀኑ ያንቀሳቅሱ። ጣት ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፣ ያሰረው ሐኪምም ይሁን ወጌሻ፣ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።