ቦርጭ የሚያጠፋው ሻዩ ነው ወይስ የቀረው ስኳር?

“ማቅጠኛ ሻይ” የሚባለው ሸቀጥ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ እስከ ቡቲክ፣ ከሱፐርማርኬት እስከ ቴሌግራም ድረስ ገበያ አግኝቷል። ገሚሱ በአስመጪ በኩል፣ ገሚሱ ደግሞ ከዱባይና ከቻይና በሚመለስ መንገደኛ ሻንጣ ይገባል። በካርቶኑ ላይ የቀጭን ወገብ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎንም “በአጭር ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ኪሎ ይቀንሳል” የሚል ተስፋ አይጠፋም። ዕቃው ቀላል ነው፤ ቦታ አይፈጅም፤ ቶሎም አይበላሽም። ከአንድ ፓኬት የሚገኘው ትርፍ ከተራው ሻይ ትርፍ ጋር ስለማይወዳደር ነጋዴው ቢጓጓለት አያስደንቅም።

ለመሆኑ ሻይ መጠጣት ክብደት ይቀንሳል? ይህ ለገዢው የኪስና የጤና ጥያቄ ነው። ለአስመጪው፣ ለአከፋፋዩና ለደላላው ደግሞ የካፒታል ጥያቄ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ የተባለውን ካልሠራ ወይም በገዢው ላይ ጉዳት ካደረሰ ኪሳራው በአንድ ካርቶን አይቆምምና። ስለሆነም ጉዳዩን በማስታወቂያ ሳይሆን በሂሳብ መዝገብ መልክ፣ ገቢና ወጪውን ለይቶ ማየት ይበጃል።

ቅጠሉ ምን ይዟል?

ጥቁር ሻይም ሆነ አረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ከአንድ ዓይነት ተክል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከለቀማ በኋላ ባለው አሠራር ነው። ጥቁሩ ቅጠል ተፈጭቶ ወይም ተጠቅልሎ አየር እንዲያገኘውና እንዲጠቁር ይደረጋል፤ አረንጓዴው ግን ወዲያው በሙቀት ስለሚያዝ ቀለሙን እንደያዘ ይደርቃል። በከፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉማሮ የሚመረተውና ከተሜው ለምዶት የሚጠጣው ሻይ በአብዛኛው ጥቁሩ ነው።

ስለ ማቅጠን ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በቡናም ውስጥ ያለው ካፌይን ሲሆን፣ ሁለተኛው ካቴኪን የሚባለው በአረንጓዴው ሻይ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጠቁር አብዛኛው ካቴኪን ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ከዚህም የተነሳ ስለ ሻይና ክብደት የሚጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው በአረንጓዴው ሻይ፣ ያውም ተጨምቆ በወጣው ይዘቱ ላይ የተደረጉ ናቸው። በማለዳ ከዳቦ ጋር በሚጠጣው ሻያችን ላይ አይደለም።

የጄኔቫው 80 ካሎሪ

የማቅጠኛ ሻይ ሻጮች የሚመኩበት ሳይንስ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት 10 ጤነኛ ወንዶችን የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ይዘት በካፕሱል ሰጥቶ ሰውነታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያቃጥለውን ኃይል ለክቷል። ውጤቱ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነበር። በካሎሪ ሲሰላ በቀን ወደ 80 ገደማ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ነው ከአገር አገር ሲዞር “ሻይ ስብ ያቃጥላል” ወደሚል ማስታወቂያ የተለወጠው። ነገር ግን 10 ሰዎችን ለአንድ ቀን መለካትና ብዙ ሰዎችን ለወራት መከታተል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ ይኸው ሰፋ ብሎ ታይቷል። ግምገማው ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ ከ12 እስከ 13 ሳምንት የተካሄዱ 14 ጥናቶችን አነጻጽሯል።

ከእነዚህ መካከል ከጃፓን ውጭ በተደረጉት 6 ጥናቶች 532 ሰዎች ተሳትፈዋል። አረንጓዴ ሻይ የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የታየው የክብደት ልዩነት በአማካይ 0.04 ኪሎ፣ ማለትም 40 ግራም ነበር። በጃፓን በተደረጉት 8 ጥናቶች ልዩነቱ ሰፋ ብሎ ከ0.2 እስከ 3.5 ኪሎ ታይቷል። ሆኖም ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው በጣም ስለተራራቁ ወደ አንድ አማካይ ማምጣት አልተቻለም። የግምገማው መደምደሚያ የሚገኘው ቅናሽ ትንሽና ለጤና ያን ያህል የማይጠቅም ነው የሚል ነው። የቀነሰ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ በመከላከል ረገድም ጥቅም አልታየበትም።

ለንጽጽር ያህል፣ እያንዳንዱ ከረጢት 2 ግራም ቅጠል የያዘና 20 ከረጢት ያለው አንድ ፓኬት ብንወስድ በውስጡ ያለው ቅጠል 40 ግራም ነው። በሌላ አነጋገር ከጃፓን ውጭ የተመዘገበው የሦስት ወር ቅናሽ ሲመዘን ከአንድ ፓኬት ሻይ ቅጠል አይበልጥም።

የስኳሩ ሂሳብ

አሁን ወደ ብርጭቆአችን እንመለስ። በአገራችን ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ጥቂት ነው። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ ጣዕም እንጂ ይህ ነው የሚባል ካሎሪ አይጨምሩም። ስኳሩ ግን ሌላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ሲሆን 16 ካሎሪ ይሰጣል። ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት ብርጭቆ 48 ካሎሪ ያዘ ማለት ነው። በጄኔቫ ተገኘ የተባለው የ80 ካሎሪ ትርፍ በአምስት ማንኪያ ስኳር ያልቃል፤ ሁለት ብርጭቆ የጣፈጠ ሻይ የጠጣ ሰው ደግሞ ወደ ኪሳራ ገብቷል።

በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው 144 ካሎሪ ከስኳር ብቻ ያገኛል። ይህ በዓመት ከ52 ሺህ ካሎሪ በላይ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል በሚለው የተለመደ ስሌት ብንሄድ በወረቀት ላይ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። እርግጥ ሰውነት እንደ ሂሳብ መኪና አይደለም፤ የሚገባው ሲቀንስ የሚያወጣውንም ስለሚቆጥብ እውነተኛው ቅናሽ ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም የትኛው ወገን ከባድ እንደሆነ ለማሳየት ስሌቱ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ መክሯል። 5 በመቶ ማለት ወደ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ ገደማ ነው። ከላይ የጠቀስነው ሰው ዘጠኝ ማንኪያ የጨረሰው ገና በሻይ ብቻ ነው፤ ከሻዩ ጋር የሚበላው ቦምቦሊኖና ብስኩት አልተቆጠረም።

ሻይ ለክብደት ይጠቅማል ከተባለ የሚጠቅመው እዚሁ ላይ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት አማራጭ ዋጋ የሚባል ነገር አለ። አንድ ነገር ስንመርጥ የተውነው ሌላው ነገር ማለት ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። በእሱ ፋንታ ያለ ስኳር አንድ ብርጭቆ ሻይ የመረጠ ሰው ከ100 ካሎሪ በላይ አተረፈ። ያተረፈው ግን ቅጠሉ ስብ አቃጥሎለት አይደለም፤ ጠርሙሱን ስለተወ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ሥዕል ካርቶን አያስፈልግም፤ የውሽውሹ ይበቃል።

የሚቀንሰው ምንድን ነው?

“እኔ ግን ጠጥቼ በሳምንት ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ” የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውየው አልዋሸም። ጥያቄው የቀነሰው ምኑ ነው የሚለው ነው።

በብዙ የማቅጠኛ ሻይ ካርቶኖች ጀርባ በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት ቅጠሎች አንዱ ሴና ነው። የመርካቶ ቅመማ ቅመም ነጋዴ ሰናመኪ እያለ የሚያውቀው ማለት ነው። በዓለም ገበያ ላይ የሱዳኑ የእስክንድርያ ሴና፣ የሕንዱ ደግሞ የቲኔቬሊ ሴና እየተባለ ይሸጣል። ሥራው ማስቀመጥ ነው፤ ለሆድ ድርቀት ለአጭር ጊዜ ሲወሰድም የታወቀ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምግቡ ካሎሪ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በፊት በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውሃና የአንጀት ይዘት እንጂ ስብ አይደለም፤ ሰውየው ውሃ ሲጠጣና ምግብ ሲበላ ኪሎው ይመለሳል።

ለረጅም ጊዜ የጠጣው ሰው ደግሞ ከውሃው ጋር ፖታሲየም ያጣል። ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሲጎድል የልብ ምት ይዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ሻዮች ሕዝቡን ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነበር። የኩላሊትና የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊነካው አይገባም።

ሁለተኛው አደጋ የመጠን ነው። በብርጭቆ የሚጠጣ አረንጓዴ ሻይ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ተጨምቆ በካፕሱል ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤክሶሊዝ የተባለ የአረንጓዴ ሻይ ማቅጠኛ በጉበት ላይ ጉዳት አድርሷል በሚል እ.ኤ.አ. በ2003 ከፈረንሳይና ከስፔን ገበያ ወጥቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ዋናው የሻይ ካቴኪን በካፕሱል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መታወክ ምልክት እንደሚታይ ገልጿል።

ሦስተኛውና ለነጋዴው እጅግ አሳሳቢው በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋን በመሳሰሉ ምክንያቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ታግዷል። ከዚያ ወዲህ “ንጹሕ ዕፅዋት” ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የምግብ ፍላጎትን ጭራሽ የሚያጠፋ፣ ልብ የሚያስመታና እንቅልፍ የሚነሳ “ሻይ” ካጋጠመ ገዢው ሊደሰት ሳይሆን ሊጠረጥር ይገባል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ቲሚ በተባለ የሻይ ኩባንያ ላይ የወሰደው እርምጃ ለማንኛውም ነጋዴ ትምህርት ይሆናል። ኩባንያው ሻዩ ክብደት ይቀንሳል፣ ሌላም በሽታ ይፈውሳል እያለ በታዋቂ ሰዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ያስተዋውቅ ነበር። ማስረጃ አልተገኘለትም። የተጣለበት ቅጣት ከሽያጩ ጋር እኩል የሆነ 15.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የመክፈል አቅም ስላልነበረው 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ቀሪው እንዲታገድለት ተደርጓል። ዕቃው መርዝ ነው ተብሎ አልነበረም፤ የተቀጣው በቃሉ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። ምግብም ሆነ መድኃኒት የሚያስመጣና የሚያከፋፍል በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። ያለ ደረሰኝ በሻንጣ የገባ ካርቶን ላኪው አይታወቅም፤ ችግር ሲፈጠር የሚጠየቀው በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ነው። ትርፉን ብቻ አይቶ የሚሮጥ ነጋዴ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

ለገዢው ደግሞ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። የማቅጠኛውን ሻይ ዋጋ በውስጡ ባለው ግራም አካፍሉት፤ የተራውንም ሻይ እንዲሁ። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት በአብዛኛው የቅጠል ዋጋ ሳይሆን “ማቅጠኛ” የሚለው ቃል ዋጋ ነው። ከዚያም ካርቶኑን ገልብጣችሁ ሴና ወይም ሰናመኪ የሚል ካለ፣ የምትገዙት ሻይ ሳይሆን የሚያስቀምጥ መድኃኒት መሆኑን እወቁ። የይዘት ዝርዝር ከሌለው ወይም በማታነቡት ቋንቋ ብቻ ከተጻፈ መመለስ ይሻላል።

ሻይ መልካም መጠጥ ነው፤ እንደ ሻይ ሲሸጥም የሚያስከስር ሸቀጥ አይደለም። ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ጋር ሳይሆን ራቅ አድርጎ ቢጠጣው ይመረጣል፤ ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋልና። ከዚህ ውጭ ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው የሻይ ገበያው ያለው ርካሽ ምክር በማንኛውም ሻይ ቤት ይገኛል፤ ሻዩን ማዘዝ፣ የስኳሩን ዕቃ ግን ወደ ጎን ማድረግ።