ወገብ ውስጥ የገባው መርፌ

ከመርሳ ወልድያ ሲመላለስ የዋለ የሚኒባስ ሹፌር ማታ ወገቡን ይዞ ሲወርድ «ደግሞ ምን ተሸክመህ ነው?» ብሎ የሚያሾፍበት አይጠፋም። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ወገቡን ምን ነካው?

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን ከውስጥ ለማየት ቆረጠ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ግፊት የሚለካ መርፌ እየሰካ ሰዎችን አቆመ፣ አስቀመጠ፣ አስጎነበሰ። (ፈቃደኛ መገኘቱ ራሱ ይገርማል።) የቆመ ሰው ግፊት 100 ቢባል፣ ያለ መደገፊያ የተቀመጠው 140፣ ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነበሰው 185 ሆነ። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!» የሚለው የወላጆች ተግሣጽ ምስክር ያገኘ መሰለ።

በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን ጀርመን ውስጥ ኡልም ከተማ፣ ተመራማሪው ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ የ45 ዓመት ጤነኛ ሰው ዲስክ ውስጥ ስስ መለኪያ አስገብተው ሲሠራም ሲተኛም ለ24 ሰዓት ያህል ተከታተሉት። ቆሞ 0.5 ሜጋፓስካል፤ የትንሽ መኪና ጎማ ከሚሞላው ነፋስ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ዘና ብሎ ሲቀመጥ 0.46። ጀርባውን ገትሮ ሲያቀና ወደ 0.55 ወጣ፤ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ሲደገፍ ደግሞ ወደ 0.27 ወረደ። ስንቱ ተማሪ የተቆጣበት አቀማመጥ ለዲስኩ እረፍት ሆኖ ተገኘ! እጥፍ ብሎ ሲያጎነብስ ግን 0.83 ደረሰ፤ መርሳ በረንዳ ላይ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ የሚውል ልብስ ሰፊ፣ ያን ያህል ባይታጠፍም፣ ነገሩ አይጠፋውም።

የተለካው አንድ ሰው ነውና ቁጥሩ ለሁሉም አይሠራም። እኔን የሳበኝ የሌሊቱ ነው፦ በሰባት ሰዓት እንቅልፍ ግፊቱ ከ0.10 ወደ 0.24 አደገ። ዲስኩ ውሃ እየጠጣ ነበር። ጠዋት ከማታ ትንሽ ረዘም የምንለውም በዚሁ ነው። የአዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ ደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡ ከጎረቤት አጥንት እየሰረገ ይደርሰዋል፣ ጫናው ሲቀያየርም ፈሳሹ ይገባል ይወጣል። ሹፌሩን የሚጎዳው እንግዲህ መቀመጡ ብቻ ሳይሆን ሳይነቃነቅ መዋሉ ነው፤ የመኪናው መንቀጥቀጥ ሳይቆጠር።

መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ እግሮቹን መሬት አስረግጦ፣ ዳሌውን ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘንብል፤ ደረቱን ግራና ቀኝ ያዙር፤ ከዚያ ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ። ይህ እንቅስቃሴ የተጎዳ ዲስክ አይጠግንም፣ የደረቀ ወገብ ግን ያፍታታል። እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ግን ወጌሻ ዘንድ መታሸት አያዋጣም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።