የሕፃናት ውሎና የቤት ሥርዓት

ለሕፃናት የቤት ሥርዓት ለማስያዝ ለሚሹ ወላጆች የጂቡቲ ከተማ ውሎ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ፣ ብዙዎቹ ሱቆች በቀትር ተዘግተው ወደ 10 ሰዓት ግድም ይከፈታሉ። ከደጋ ወርዳ በዚያ ኑሮ የምትመሠርት ኢትዮጵያዊት እናትም የቤቷን ውሎ በዚሁ መሠረት ታስተካክላለች፤ ልብስ አጠባው በማለዳ፣ የሕፃናቱ እንቅልፍ በቀትር፣ ጨዋታው ፀሐይ ስትበርድ ይሆናል።

ሕፃን ሰዓት ባያነብም ቅደም ተከተልን ያውቃል። እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ ከዚያም መኝታ በየዕለቱ ሳይዛነፉ ከተከታተሉ ልማዱ ያለ ቁጣ ይጸናል። አንዱ ሳይሰርጽ ሌላ መጨመር ግን ሁለቱንም ያፈርሳል።

በወታደር ቤት አባት በግዳጅ ይርቃል። ሥርዓቱ በእርሱ ድምፅ ብቻ የቆመ ከሆነ አብሮት ይሄዳል። ስለሆነም ጓዶች፣ ከግዳጅ ስንመለስ ናፍቆታችን የልጆቻችንን የመኝታ ሰዓት እንዳይሽር እንጠንቀቅ፤ ባለቤቶቻችን ብቻቸውን ያቆሙትን ሥርዓት እናክብርላቸው።