ከሰፈራ እስከ ምዕራብ መስፋፋት፤ የቀደምት አሜሪካ ታሪክ ቃላት በአማርኛ

የታሪክ ድርሳን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለት ዐይነት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው ቃል ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ቃል መትረፍ ነው። ቃል ያጣ ተርጓሚ ቆም ብሎ ያስባል፤ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፤ ባለሙያ ይጠይቃል። ቃል የተረፈው ግን ቅርቡን አንሥቶ ያልፋል። ያነሣው ቃል በአማርኛ የቆየ ታሪክ ካለው ያንኑ ታሪክ ይዞ ወደ ትርጉሙ ይገባል፤ አንባቢውም ያልተጻፈውን ያነብባል።

የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ታሪክ፣ ማለትም እንግሊዞች በ1607 በጄምስታውን ከሰፈሩበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ያለው ዘመን፣ ይህ ሁለተኛው ችግር ጎልቶ የሚታይበት መስክ ነው። የታሪኩ ዋና ጉዳይ መሬት፣ ሰፈራ፣ አገዛዝና ሎሌነት ነው፤ አማርኛም በእነዚህ ጉዳዮች ረገድ ቃል አይቸግረውም። ከዚህ ቀጥሎ ስድስት የቃላት ቡድኖችን እየወሰድን ችግሩን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ለውይይት የሚሆኑ አቻ ቃላት እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ግን አንድ መለያ ማስፈር ያስፈልጋል። «የሰነድ ቃል» የምንለው በዘመኑ ሕግ፣ ውል ወይም ደብዳቤ ውስጥ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው የተጠቀሙበትን ነው። «የተራኪ ቃል» የምንለው ደግሞ ድርጊቱን ዛሬ የሚተርከው ጸሐፊ የሚመርጠውን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የአንድ ወገን ክርክር የተረጋገጠ እውነት መስሎ ይቀርባል።

1. አንድ «ግዛት»፣ ሦስት ትርጉም

በእንግሊዝኛ «ኮሎኒ»፣ «ቴሪቶሪ» እና «ስቴት» የሚባሉት ሦስት የተለያዩ የአስተዳደር ዐይነቶች ናቸው። በአማርኛ ግን የመጀመሪያው «ቅኝ ግዛት»፣ ሁለተኛው «ግዛት»፣ ሦስተኛውም «ግዛት» ይባላል። የዚህን ጉዳት ለመረዳት ሐምሌ 13 ቀን 1787 የወጣውን የሰሜን ምዕራብ ድንጋጌ መመልከት ይበቃል። በድንጋጌው መሠረት ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ምዕራብ ያለው ምድር መጀመሪያ ኮንግረሱ በሚሾማቸው አንድ አገረ ገዥና ሦስት ዳኞች ይተዳደራል፤ 5,000 ነጻ አዋቂ ወንዶች ሲኖሩት የራሱን ምክር ቤት ያቋቁማል፤ ከዚያም ተከፍሎ የነጻ ነዋሪዎቹ ቁጥር 60,000 የደረሰለት ክፍል ከቀደሙት ጋር በእኩልነት ወደ ኅብረቱ ይገባል። ኦሃዮ በ1803 የገባችው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ታሪክ «ግዛቱ ግዛት ሆነ» ብሎ መጻፍ ትርጉም አልባ ነው፤ የድንጋጌው ፍሬ ነገር ከበታችነት ወደ እኩልነት መሸጋገሩ ነውና።

ለ«ስቴት» መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አገሪቱ በአማርኛ «የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት» ስትባል «ስቴት» የሚለው ቃል «መንግሥት» ተብሎ ተተርጉሟል። ስለዚህ «አባል መንግሥት» ብንል ከነባሩ ስያሜ ጋር ይስማማል። «ክፍለ ሀገር» ከማዕከል የሚታዘዝ አስተዳደርን ያስታውሳል፤ «ክልል» ደግሞ አንባቢውን ወደ ዛሬይቱ ኢትዮጵያ አወቃቀር ይመራዋል። «ቴሪቶሪ» ተጠሪነቱ በቀጥታ ለኮንግረሱ ስለ ሆነ «ተጠሪ ግዛት» ቢባል ያስኬዳል።

«ቅኝ ግዛት» ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ከአፍሪካ ታሪክ የተነሣ «ቅኝ ተገዢ» ሲባል በአማርኛ አንባቢ አእምሮ የሚመጣው በገዛ አገሩ በባዕድ የሚገዛ ነባር ሕዝብ ነው። ስለዚህ «በ1775 ቅኝ ተገዢዎቹ በእንግሊዝ ላይ አመፁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያመፁት የምድሪቱ ነባር ሕዝቦች እንደ ሆኑ ያስመስላል። ያመፁት ግን ራሳቸው ከባሕር ማዶ የመጡት ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። «የሰፋሪዎች ቅኝ ግዛት» እና «ሰፋሪዎች» የሚሉት አጠራሮች ይህን ስሕተት ያስቀራሉ።

2. «ምድረ በዳ»፣ «ጠፍ»፣ «ባድማ»

የኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች የደረሱበትን ምድር «ዊልደርነስ» ብለውታል። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያገኙት በመሆኑ ተርጓሚውም ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምድረ በዳ» የሚለውን ቢያነሣ አይፈረድበትም። የሰፋሪዎቹን ሃይማኖታዊ ስሜት ለመግለጽ በሰነድ ቃልነቱ ተገቢ ነው። ተራኪው ራሱ ሲጠቀምበት ግን አንባቢው ውሃና ዛፍ የሌለበት አሸዋ ይታየዋል፤ አገሩ ግን ደንና ወንዝ የበዛበት ነው።

በ1620 ፕሊመዝ የተቆረቆረችበት ስፍራ ፓተክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር። ከ1616 እስከ 1619 የወረደው ወረርሽኝ ነዋሪዎቹን ፈጅቶ ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ የተመነጠረው እርሻ ባዶውን ነበር። ለሰፋሪዎቹ በቆሎ መትከልን ያስተማረው ቲስኳንተም የዚሁ መንደር ተወላጅ ነው፤ በ1614 ታፍኖ ወደ እስጳንያ ተወስዶ ነበርና በ1619 ሲመለስ ወገኖቹን አላገኘም። እንዲህ ያለውን ስፍራ አማርኛ በትክክል ይሰይመዋል፤ «ባድማ» ይለዋል፤ ሰው ኖሮበት ሰው ያጣ ቦታ ማለት ነው። «ጠፍ መሬት»ም ይቀርባል። ሰው ያልደረሰበትን ዱር ከባድማ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ይህን ልዩነት ሳይጠቀምበት መቅረት የለበትም።

3. «ሎሌ» እና «ባሪያ»

በ17ኛው ምእተ ዓመት ቨርጂኒያ «ሰርቫንት» የሚለው ቃል ሰፊ ነበር። ብዙዎቹ ድሆች እንግሊዛውያን የመርከብ ዋጋ የሚከፍልላቸውን ጌታ ባብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊያገለግሉ ውል ይገቡ ነበር። ውሉ «ኢንደንቸር» ይባላል፤ ሥረ ቃሉ ጥርስ ማለት ነው። በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ውል በጥርሳማ መስመር ተቈርጦ እያንዳንዱ ወገን ግማሹን ይይዝ ነበርና፤ ሁለቱ ግማሾች ከተጋጠሙ ውሉ እውነተኛ ነው። ይህን ሰው «ባለውል ሎሌ» ማለት ይቻላል። «አገልጋይ» ብቻ ማለት ግን ሰውየው ሲፈልግ ጥሎ የሚሄድ ያስመስለዋል።

በ1619 ከአንጎላ የተወሰዱ ሃያ የሚያህሉ አፍሪካውያን ወደ ቨርጂኒያ መጡ። በቀደሙት መዝገቦች አንዳንድ አፍሪካውያንም «ሰርቫንት» ተብለው ተጽፈዋል። ተርጓሚው «ሎሌ» ቢል ውል የገቡ ያስመስላቸዋል፤ «ባሪያ» ቢል ደግሞ ሕጉ ገና ያልጻፈውን ይጽፋል። በ1640 የተሰጠ አንድ ፍርድ ችግሩን ያጎላዋል። ሦስት «ሰርቫንቶች» ጠፍተው ተያዙ፤ ሁለቱ አውሮፓውያን አራት አራት ዓመት ተጨመረባቸው፤ ሦስተኛው፣ ጆን ፐንች የተባለው አፍሪካዊ፣ ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተፈረደበት። ጥፋቱ አንድ፣ የሰነዱም ቃል አንድ ሲሆን ቅጣቱ ተለያየ። በ1662 ደግሞ የልጁ ነጻነት ወይም ባርነት በእናቱ ሁኔታ እንዲወሰን ተደነገገ፤ ባርነት በዘር የሚወረስ ሆነ።

እንግዲህ ቃሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀስ በቀስ ተከፍሏል። ተርጓሚው በ1640 መዝገብ ለሦስቱም «ሎሌ» የሚለውን አንድ ቃል መጠበቅ ይገባዋል፤ አለዚያ የፍርዱ አድልዎ ከአንባቢው ይሰወራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲተርክ ግን «በባርነት የተያዙ» ከማለት የሚያግደው ነገር የለም።

4. «ይዞታ»፣ «ባለሀብትነት»፣ «ርስት»

በ1803 አሜሪካ ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋለችው ውል «የሉዊዚያና ግዢ» ይባላል። ዋጋው 15 ሚሊዮን ዶላር፣ ስፋቱ ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። «ገዛች» ሲባል የአማርኛ አንባቢ ሻጩ መሬቱን በእጁ ይዞ እንደ ነበር ይረዳል። አብዛኛው ምድር ግን ፈረንሳይ ባልያዘችው፣ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት ስፍራ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ስለዚሁ ምድር ከኋላ ከነባሮቹ ጋር ደጋግሞ መዋዋሉ ከፈረንሳይ የተገዛው ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ቀድሞ ምድሩን የመውሰድ መብት እንጂ ባዶ መሬት አለመሆኑን ያሳያል።

ይህን ሐሳብ በ1823 ጆንሰንና ማኪንቶሽ በተከራከሩበት መዝገብ ዳኛ ጆን ማርሻል በሕግ ቋንቋ አስቀምጦታል። እንደ ፍርዱ «ግኝት» ባለሀብትነትን ለአውሮፓውያን ሲሰጥ ለነባሮቹ የቀረላቸው በመሬቱ የመኖር መብት ብቻ ነው። አማርኛ ይህን በሚገባ ይተረጉማል፤ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ይዞታ»ን ከ«ባለሀብትነት» ለይቷልና። «የነባሮቹ መሬት» እያሉ በጅምላ መተርጎም ግን የፍርዱን ጭካኔ ያለሰልሰዋል።

«ርስት» የሚለው ቃል ለ«ሆምስቴድ» መዋል የለበትም። በግንቦት 1862 የወጣው ሕግ ለአምስት ዓመት ለኖረበትና ላረሰው ሰው 160 ኤከር፣ ይኸውም በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ፣ ይሰጥ ነበር። ርስት ከአባት የሚወረድ ነው፤ ይህ ግን ሌላው ከተነሣበት ምድር ላይ መንግሥት የቈረሰው ነው። «ማደሪያ»ም የአገልግሎት ዋጋን ያስታውሳል። «የነዋሪ ድርሻ መሬት» ከሁለቱም ነጻ ነው።

5. «ጎሳ» እና «ሕዝብ»፣ «ማዛወር» እና «ማፈናቀል»

«ቀይ ሕንዶች» የሚለው የተለመደ አጠራር በአማርኛ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ሕዝቦቹ ሕንዶች አይደሉም፤ «ቀይ» ደግሞ በእኛ አነጋገር የቆዳን ቅላት፣ ማለትም ጠይም ወይም ጥቁር አለመሆንን ያመለክታል። «ነባር ሕዝቦች» ማለት፣ ከተቻለም እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ይሻላል። «ጎሳ» የሥጋ ዝምድናን ያጠብቃል፤ ውሎቹ ግን «ኔሽን» ይላሉ። በ1832 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር እንደማይሠራ ሲፈርድ መሠረት ያደረገው ይህንኑ ሕዝብነት ነው። በ«ጎሳ» ከተተረጐመ ፍርዱ ምክንያት ያጣል።

ቼሮኪዎች በ1827 ሕገ መንግሥት ጽፈዋል፤ በ1828 ጋዜጣ አሳትመዋል። ጋዜጣው ከሚታተምባቸው ፊደላት አንዱ ሴኮያ በ1821 ያጠናቀቀው ነው። እንደ እኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም ይወክላል፤ ነገር ግን የአንድ ተነባቢ ቤተሰብ መልኩን አይጋራም፤ እያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው። ፊደላችንን ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

በ1830 የወጣው ሕግ በስሙ «ሪሙቫል» ይላል። በ1835 ጥቂት ቼሮኪዎች ያለ ዋናው አለቃ ጆን ሮስ ፈቃድ በፈረሙት ውል መነሻነት በ1838 ወታደር 16,000 ያህል ሰው ከቀዬው አስወጣ፤ 4,000 ያህሉ በጉዞና በመጠለያ እንደ ሞቱ ይገመታል። «ማዛወር» በአማርኛ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚለውጥበት የጽሕፈት ቤት ቃል ነው። ለሕጉ ስም የሚስማማው ይኸው ነው፤ ሕግ አውጪዎቹም የመረጡት ለስላሳ ቃል ነበርና። ለድርጊቱ ግን ቃሉ «ማፈናቀል» ነው። «የሕንዶች ማዛወሪያ ሕግ ቼሮኪዎችን አፈናቀለ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም ቃሎች በየቦታቸው አስቀምጧል፤ አንባቢውም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ራሱ ይለካል።

6. «ጠረፍ» እና «ማቅናት»

«ፍሮንቲየር» በአውሮፓ ሁለት መንግሥታትን የሚለይ ድንበር ነው። በአሜሪካ ግን ወደ ምዕራብ የሚገፋ የሰፈራ ጫፍ ነው። የ1890 የሕዝብ ቈጠራ ይህ መስመር ከእንግዲህ እንደማይለይ አስታወቀ፤ በ1893 ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር በቺካጎ ባቀረበው ጥናት የአሜሪካን ታሪክ በዚሁ መስመር ተረጐመ። «ድንበር» ቋሚ ስለ ሆነ አይስማማም። «የሰፈራ ጠረፍ» ይሻላል፤ የማን ሰፈራ ጠረፍ እንደ ሆነም ይጠቁማል።

ከሁሉ የሚፈትነው «ማቅናት» ነው። «አገር አቀና»፣ «አቅኚ» የሚሉት ቃላት ለምዕራብ መስፋፋት እንደ ልክ የተሰፉ ይመስላሉ። ነገር ግን የሚቀና ነገር አስቀድሞ የጎበጠ ነው፤ ቃሉ ከአቅኚው በፊት የነበረውን ኑሮ ሁሉ ጎባጣ ያደርገዋል። በእኛው የታሪክ አጻጻፍም አንዱ «ማቅናት» ያለውን ሌላው «ወረራ» ሲለው ብዙ ተሟግተናል። ስለዚህ ሰፋሪው ስለ ራሱ ሲናገር «አቅኚ» ይባል፤ ተራኪው ግን «ወደ ምዕራብ መስፋፋት» ይበል።

ለውይይት የቀረቡ አቻ ቃላት

ኮሎኒ (የ13ቱ)፦ የሰፋሪዎች ቅኝ ግዛት
ኮሎኒስት፦ ሰፋሪ
ቴሪቶሪ፦ ተጠሪ ግዛት
ስቴት፦ አባል መንግሥት
ኢንደንቸርድ ሰርቫንት፦ ባለውል ሎሌ
ዊልደርነስ፦ በሰነድ ምድረ በዳ፤ በትረካ ዱር፣ ሰው ከነበረበትም ባድማ
ሆምስቴድ፦ የነዋሪ ድርሻ መሬት
ኔሽን (በውሎች)፦ ሕዝብ
ሪሙቫል፦ በሰነድ ማዛወር፤ በትረካ ማፈናቀል
ፍሮንቲየር፦ የሰፈራ ጠረፍ
ፓዮኒር፦ በሰነድ አቅኚ፤ በትረካ ሰፋሪ

ከእነዚህ መካከል የተሻለ የሚገኝላቸው ይኖራሉ። የሰነድን ቃል ከተራኪ ቃል የመለየት ልማድ ግን ከአሜሪካ ታሪክ አልፎ መሬት፣ ሰፈራና አገዛዝ በሚነሣበት በማንኛውም ትርጉም ይጠቅማል፤ የራሳችንን ታሪክ ወደ ሌላ ቋንቋ ስንመልስም ጭምር።