ቆቃ ላይ ዶክተር ማን ይሆናል?

ብዙዎቻችን ቆቃን የምናውቃት በዓሣዋ ነው። የግድቡ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ግን ወባንም በደንብ ያውቃታል። ትኩሳት ሲይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው።

ዶክተሩስ? እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ሥራ ሲያቆሙ የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደመወዝ ሲመነዘር ወደ 80 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደመወዙ በዶላር ሲመነዘር ብዙ ወረደ። መስከረም 2018 ለመንግሥት ሠራተኛ ጭማሪ መጥቷል፤ የቤት ኪራይም አብሮ ጨምሯል እንጂ!

የቤተሰብ ሕክምና የሚባል የሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 የጀመረው። ልክ ለቆቃ የተሰፋ ሙያ ነው። ግን የግል ሆስፒታል ጥሩ የሚከፍለው ለቀዶ ጥገናና ለራጅ ነው። የአንዲት እናት ደም ግፊት ለዓመታት ሳይነሳ ቢቆይ፣ ለዚያ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም ወይ አዳማ የግል ክሊኒክ ማታ ማታ ይሠራል፣ ወይ ሌላ ስፔሻሊቲ ይመርጣል፣ ወይ ፓስፖርት ያወጣል።

እኔ ሐኪም ብሆን ቆቃ እቀር ነበር? በዚህ ደመወዝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልቀርም።