ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ፦ የልጅዎ እንክብካቤ በቤት ውስጥ

በዛሬው አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚያጋጥም ነው። ለገጠማቸው ግን የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ከሥሩ ይለውጠዋል። ጎረቤትና ዘመድም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለው አብረን እንመልከተው።

ሁርለር ሲንድረም ከ100 ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። የሕፃኑ ሰውነት አንድ አስፈላጊ ኢንዛይም ማምረት ስለማይችል፣ መወገድ የነበረባቸው ንጥረ ነገሮች በአንጎል፣ በልብ፣ በጉበት፣ በዓይንና በአጥንት ውስጥ ይከማቻሉ። ሕክምና ያላገኘ ሕፃን በአብዛኛው አሥር ዓመት ሳይሞላው ሕይወቱ ያልፋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግን የመቅኔ ንቅለ ተከላ የብዙ ልጆችን ዕድል ለውጧል። ከለጋሹ የተወሰዱት ሕዋሳት የጎደለውን ኢንዛይም እያመረቱ ለሌሎቹ ያካፍላሉ። በተለይ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ንቅለ ተከላው የተደረገለት ሕፃን አእምሮው ከከፋ ጉዳት የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ሥራው አላበቃም። ቀሪው ኃላፊነት በአብዛኛው በወላጅ እጅ ላይ ይወድቃል።

ጠያቂና ምግብ

የልጅዎ በሽታ የመከላከል አቅም እስኪያገግም ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። "እንኳን ለቤቱ አበቃው" ሊል የመጣን ዘመድ ከደጅ መመለስ በእኛ ባሕል ያሳፍራል። ይሁንና ጉንፋን የያዘው ሰው ልጁን አንዴ ቢስም እንኳ ወደ ሆስፒታል ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው በስልክ ያስረዱ። የሚገባ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መሳሳሙ ይቅር። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ የጓሮ አፈርና የግንባታ አቧራ ሳንባን የሚያጠቃ ሻጋታ ሊይዙ ስለሚችሉ ልጁን ያርቁት። የእጣንና የምድጃ ጭስም አይጠቅመውም።

ያልፈላ ወተት፣ ጥሬና ለብለብ ሥጋ፣ በደንብ ያልበሰለ እንቁላል እንዲሁም ተቆርጦ በመንገድ ላይ የሚሸጥ ፍራፍሬ አይስጡት። የሚጠጣው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

መድኃኒት

እንደ ሳይክሎስፖሪን ያሉ መድኃኒቶች በሰዓታቸው መወሰድ አለባቸው። የደም ምርመራ በሚኖርበት ጠዋት ደሙ እስኪቀዳ የዚያን ሰዓት መድኃኒት እንዲያቆዩ ሊነገርዎ ስለሚችል ቀድመው ይጠይቁ። ልጁ ካስመለሰው በራስዎ ግምት አይድገሙለት፤ ለሐኪሙ ይደውሉ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባሕል መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ አይጨመርበትም።

ክትባት

ከንቅለ ተከላው በፊት በክትባት ያገኘው መከላከያ በአብዛኛው ስለሚጠፋ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ አዲስ መከተብ ይጀምራል። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ግን ቢያንስ 2 ዓመት ይዘገያሉ። በዘመቻ ቤት ለቤት የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታም ሕያው ቫይረስ አለበት። ባለሙያዎቹ ሲመጡ ሁኔታውን ይንገሯቸው። ለእህትና ለወንድሞቹም ጠብታው ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ በመርፌ የሚሰጥ አማራጭ አለ። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከተገናኘ በዚያኑ ዕለት ለሐኪሙ ያሳውቁ።

ንቅለ ተከላው የማይደርስበት

አዲሶቹ ሕዋሳት ወደ አጥንት፣ ወደ ዓይን ብሌንና ወደ ልብ ቧንቧ በሮች በበቂ ሁኔታ አይደርሱም። ስለዚህ የጀርባ መጉበጥ፣ የዳሌና የጉልበት ችግር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የመስማት ችግር ቢታይ ንቅለ ተከላው ከሸፈ ማለት አይደለም። የዓይን፣ የጆሮ፣ የልብና የአጥንት ክትትሉን አያቋርጡ። የልጁ የመተንፈሻ አካል ጠባብ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጥርስም ቢሆን ማደንዘዣ ሊሰጠው ሲል በሽታውን አስቀድመው ይናገሩ። ሕክምናው በውጭ ሀገር የተደረገ ከሆነ ሙሉ ማስረጃውን በእጅዎ ይያዙ።

ልጁና ቤተሰቡ

ብዙ የተሠቃየን ልጅ መቆጣት ይከብዳል። ነገር ግን ሁሉ የሚፈቀድለት ልጅ መድኃኒቱንም እምቢ ማለት ይለምዳል። የመኝታ ሰዓቱ፣ የሚከለከለውና የሚታዘዘው ነገር እንደ ሌሎቹ ልጆች ይሁን። መርፌ ሲኖር "አያምም" ብለው አይዋሹት፤ "ትንሽ ያምማል፣ እኔ አጠገብህ ነኝ" ይበሉት። መቅኔ የለገሰ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ታማሚው ቢብስበት ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ደጋግመው ይንገሩት።

"ከማን ዘር መጣ?" የሚለው ጥያቄ ትዳር ያናጋል። መልሱ ከሁለቱም ነው። አባትም እናትም ሳይታመሙ ተሸካሚ ናቸው፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ንቅለ ተከላው ይህን ስለማይለውጥ ሌላ ልጅ ከማሰብዎ በፊት ሁለታችሁም ሐኪም አማክሩ። ማስታመሙም ለእናት ብቻ አይተው፤ አባትም መድኃኒቱን መስጠት ይልመድ።

ሳይነጋ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት (ሳይደውሉ ማስታገሻ አይስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቃል)
• በመዳፍ፣ በውስጥ እግር ወይም በሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ
• የማይቆም ተቅማጥ ወይም ትውከት
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን
• የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም የደም መፍሰስ

የሐኪምዎን ስልክ ቁጥር ሁሉም የቤተሰብ አባል በሚያየው ቦታ ይለጥፉ።